ልጄ ባንክ ቤት አትሠራም

ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር ያህል ሰው ስለ ሁለተኛዋ ልጄ ሲጠይቀኝ «ባንክ ቤት ገብታለች» እያልኩ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። 31 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ፣ የሰው ልጆችን «አትዋሹ» እያልኩ የገሠጽኩ ሰው ነኝ። ግን ዕድር ላይ ተቀምጦ «ልጄ በከዋክብት መካከል ያለ ጋዝ ታጠናለች» ማለት አቃተኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «ለመሆኑ ደመወዙ ስንት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጄ በፊዚክስ ዲግሪዋን እንደያዘች አንድ ዘመዳችን ባሕር ዳር በአንድ ባንክ ክፍት ቦታ መኖሩን ነገረን። አመለከተች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። እኔ በግ ለመግዛት ሳስብ እሷ ደውላ «አባዬ፣ አዲስ አበባ አስትሮኖሚ ማስተርስ ተቀብለውኛል፤ ባንኩን ትቼዋለሁ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ለእናቷ በደወለች ቁጥር እኔ ማንጎ አጠጣለሁ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር። ሐምሌ ላይ እንኳ! ጫግኒን የሚያውቅ የሐምሌ ዝናቧን ያውቃል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «በዝናብ ማንጎ የሚያጠጣ ሰው» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ገና መጣች። ከአዲስ አበባ በእንጅባራ በኩል ጫግኒ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ጊዜ መንገዱን ደፍሮ መምጣት ራሱ ቀላል አይደለም። ጉልበቴን ሳመች፣ እኔም «እንኳን በደህና ገባሽ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። በበዓሉ ማግስት አንዲት ጎረቤታችን ዳቦ ይዘው መጡና ልጄን አቅፈው ከሳሙ በኋላ «ልጄ፣ እንኳን መጣሽልን፤ ይቺን የብድር ነገር አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። አባትሽ ባንክ እንደምትሠሪ ነግሮኛል» አሉ።

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ልጄ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ «ስለ ብድር እኔ ብዙ አላውቅም እትዬ፣ ግን የሚያውቅ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለች። አላጋለጠችኝም። ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ። ቡናው ግቢ ውስጥ ነበር የሚፈላው፤ ጨረቃዋ ገና አልወጣችም። የትልቁ ልጄ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አክስቱ ጉያ ገብቶ «አክስቴ፣ ባንክ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ስኒዬን አየሁ።

«ጭስ ውስጥ እሳት እፈልጋለሁ» አለችው።

«ጭሱ ካለ እሳቱ ይታይ የለ?»

«አይታይም። አባባን እንፈትነው» አለችና ነጠላዋን አውልቃ ዓይኔን አሰረችኝ። ወንበሬን ሁለት ጊዜ አዙራ «አባዬ፣ እጅህን ዘርጋና ምድጃው በየት በኩል እንዳለ ንገረኝ» አለች። ያኔ ፍሙ አመድ ለብሶ ስለነበር በዓይን ቢታይም ቀይ አልነበረም። መዳፌን ወዲያና ወዲህ አደረግኩና አመለከትኩ። ልክ ነበርኩ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ይሞቃላ።»

«አየኸው ማለት ነው፤ በቆዳህ አየኸው።»

ዓይናችን የማያየው፣ ቆዳችን ግን እንደ ሙቀት የሚያውቀው ይህ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። ዊሊያም ሄርሼል የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ ቀለም ባሻገር ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ አገኘው። ቀስተ ደመናው ከቀዩ በኋላም ይቀጥላል፤ የሚያልቀው የእኛ ዓይን ነው።

እኔም ሳላስበው ወሬው ውስጥ ገባሁ። ወንድሜ ፋግታ ለኮማ ነው የሚኖረው። እዚያ አገር ሰው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን እንደለወጠ የአዊ ሰው ሁሉ ያውቃል። የተከመረው እንጨት ቅጠልና አፈር ይለብሳል፤ ማታ ቢያዩት ጥቁር ጉብታ ነው፣ ከላዩ ጭስ ብቻ። እሳቱ የት እንደደረሰ ወንድሜ የሚያውቀው እጁን ከላይ በማንዣበብ ነው። ይህንን ስነግራት ልጄ ተነስታ ቆመች። «በቃ! እሱን ነው የምሠራው» አለች፤ ወደ ምሥራቅ ሰማይ እያመለከተች።

በገና ሰሞን በጊዜ ምሽት ወደዚያ ብታዩ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረው ታገኛላችሁ። ኦሪዮን የሚባለው፣ በመጽሐፈ ኢዮብም የሚነሳው የከዋክብት ስብስብ መታጠቂያ ነው። ከመታጠቂያው ሥር እንደ ጎራዴ የተንጠለጠሉ ደብዛዛ ነጥቦች አሉ፤ መካከለኛው ደህና ዓይን ላለው ሰው እንደ ጥጥ ብዥ ያለ ነው። እዚያ ከዋክብት ይወለዳሉ። ርቀቱ ወደ 1,300 የብርሃን ዓመት ይጠጋል፤ ያን ምሽት ግቢያችን ውስጥ ያየነው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ቅዱስ ላሊበላ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። የልጅ ልጄ ይህንን ሲሰማ «ታዲያ አሁን እዚያ ምን አለ?» አለ። ማንም ሊመልስለት አልቻለም፤ ብርሃኑ ገና መንገድ ላይ ነው።

ብዥ ካለው ነጥብ ጀርባ ደግሞ በዓይን ፈጽሞ የማይታይ ትልቅ ደመና አለ። ሞለኪዩላዊ ደመና ይሉታል። እኛ እንደምናውቀው የዝናብ ደመና አይደለም፤ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፣ ጥቂት እንደ ጥላሸት የደቀቀ አቧራ ተቀላቅሎበታል። ብርዱ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ደመናው በራሱ ክብደት እየተሰበሰበ መሐሉ ላይ ኮከብ ይቋጠራል፤ አቧራው ግን ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። እርጉዝ ሴት ነው የሚመስለው፤ ሕፃኑ አለ፣ አይታይም።

እንግዲህ የልጄ ጥያቄ ይህ ነው፤ የማይታየው ሕፃን ኮከብ መወለዱ በምን ይታወቃል?

መልሱ ሲራገጥ ነው። ሕፃኑ ኮከብ ከዙሪያው ጋዝ ሲስብ የሚስበው ሁሉ ወደ ሆዱ አይገባም። ጋዙ እየተሽከረከረ ስለሚመጣ ከፊሉ በሁለቱ ዋልታዎቹ በኩል እንደ ቧንቧ ውሃ ወደ ውጭ ይወረወራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ልጄ በስንት መከራ የመጣችበትን መንገድ በአምስት ሰከንድ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ይህ የተወረወረ ጋዝ ተኝቶ ከነበረው ቀዝቃዛ ደመና ጋር ይላተማል። ልጄ የምታጠናው ያንን ልትሚያ ነው።

«ልትሚያው ምን ልዩ ነገር አለው? ነፋስም ከነፋስ ይጋጫል» አልኳት፤ ለመከራከር ያህል።

የእጅ መታጠቢያውን ጆግ አነሳችና ጠፍጣፋውን ትሪ ገልብጣ መሐሉ ላይ ቀጭን አድርጋ ውሃ ታፈስ ጀመር። የልጅ ልጄ በስልክ መብራት ያበራላታል። እናንተም ሞክሩት፤ እኔ ስድሳ ዓመት አልፎኝ ዕድሜ ልኬን ሳየው ሳላየው የኖርኩት ነገር ነው። ውሃው ከወደቀበት ነጥብ ዙሪያ ስስ ሆኖ እየፈጠነ ይሄድና፣ ድንገት በክብ መስመር ላይ ተነስቶ ወፍራምና ዘገምተኛ ይሆናል። ከክቡ ውስጥ ያለው ውሃ ከራሱ ሞገድ ይፈጥናል። ስለዚህ ከፊት ያለው ውሃ «መጣሁልህ» የሚል ወሬ አይደርሰውም፤ ድንገት ይገጫል፣ ይቆለላል።

ይህ ለእኔ የገባኝ በገበያ ቀን ነው። አህያ የሚነዳ ሰው «ዘወር በል!» እያለ ሲመጣ ድምፁ ይቀድመዋልና ሰው ይከፈልለታል። ከድምፁ የፈጠነ አህያ ቢኖርስ? ማንም ዘወር ሳይል ይደርሳል። በዚያ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 200 ሜትር ገደማ ቢጓዝ ነው፤ የሚመጣው ጋዝ ግን በመቶዎች እጥፍ ይፈጥናል። ፊት ያለው ጋዝ ሳይዘጋጅ ይመታል፤ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅም ይግላል። የሳይክል ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው ሲሞቅ ያውቀዋል። ከዜሮ በታች 260 የነበረው ጋዝ በአንድ ጊዜ ወደ 2,000 ዲግሪ ይወጣል። እንዲህ የተመታ ጋዝ ያበራል፤ ብርሃኑ ደግሞ በአብዛኛው ኢንፍራሬድ ስለሆነ አቧራውን አልፎ ይወጣል።

እዚህ ላይ እኔን ያስገረመኝ ነገር አለ። ሃይድሮጅን የዚያ ደመና ዋናው ነገር ሆኖ ሳለ ሲበርደው ዝም ነው የሚለው፤ ምንም ብርሃን አይሰጥም። ሁለት አንድ ዓይነት አቶሞች የተያያዙበት ሞለኪዩል ነውና ለመብራት ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ሰው እንዳለ የሚታወቀው ሲመታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጎቲየር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንን የተመታ ሃይድሮጅን ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት እዚያው ኦሪዮን ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት ሄርቢግ የተባለ አሜሪካዊና ሃሮ የተባለ ሜክሲኳዊ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ እዚህም እዚያም ትናንሽ የሚያበሩ ብጥስጣሽ ደመናዎች አግኝተው ዓለም ለሩብ ምዕተ ዓመት ምንነታቸው ግራ ገብቶት ነበር። ራሳቸው ሊወለዱ ያሉ ከዋክብት ናቸው የሚልም ነበር። ኋላ ነው ከሩቅ ሕፃን ኮከብ የተወረወረ ጋዝ የተላተመባቸው ቦታዎች መሆናቸው የታወቀው።

ይህንን ሁሉ ካወራች በኋላ ላፕቶፗን ከፈተች። እኔ የሚያምር ሥዕል ስጠብቅ ያየሁት አንድ የተንቀጠቀጠ መስመር ነው፤ የሕመምተኛ ልብ ምት ይመስላል። መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ እንደ ሾህ ይነሳል። «ለዚህ ነው ባንኩን የተውሽው?» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«አባዬ፣ የተማሪዎችህን ደብተር ስም ሳይጻፍበት ማን እንደጻፈው ታውቅ አልነበር?»

አውቅ ነበር። በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ቢኖር የስልሳውንም የእጅ ጽሑፍ እለያለሁ። ተቻኩሎ የጻፈውን፣ ያመመውን፣ ከጎረቤቱ የገለበጠውን ጭምር።

ስፔክትሮስኮፒ የሚሉት ይህ ነው። ብርሃን በቀለም በቀለሙ ሲበተን እያንዳንዱ ሞለኪዩልና አቶም የራሱን የእጅ ጽሑፍ ይተዋል። አሮጌ ሲዲ ካላችሁ ጀርባውን ወደ ሻማ አዙሩት፤ ብርሃን ሲበተን ታያላችሁ፤ የትልልቁ መሣሪያም ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው። የተመታ ሃይድሮጅን ሾሁን የሚያቆመው 2.12 ማይክሮ ሜትር ላይ ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። በኃይለኛ ግጭት ከአቧራ ተፍቆ የወጣ ብረት ደግሞ 1.64 ላይ ይጽፋል። የአንዱ ሾህ ከሌላው ምን ያህል እንደሚበልጥ ሲታይ ጋዙ ስንት ዲግሪ እንደጋለ ይታወቃል። ሾሁ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ደግሞ ጋዙ ወደ እኛ እየመጣ ወይም ከእኛ እየራቀ ነው፤ አምቡላንስ ሲመጣና ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለወጠው።

ሥዕልም አላት፤ ኋላ አሳየችን። ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 ወደ ህዋ የተላከ ነው፤ መስተዋቱ ስድስት ሜትር ተኩል ስፋት አለው፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ይሠራል። ያን ያህል የራቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በአየራችን ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ብዙውን ኢንፍራሬድ ያግዳል፣ ምድርም ራሷ ሙቅ ስለሆነች ታበራለች። ምድጃ ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው ምድጃ በመዳፍ እንደመፈለግ ነው። ይህ ቴሌስኮፕ ያነሳው ኤችኤች 211 የሚባል ሕፃን ኮከብ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። 1,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በግራና በቀኝ ቀይና ብርቱካናማ ጋዝ እንደ ጭራ ዘርግቷል፣ መሐሉ ጨለማ ነው። ልጁ ያለው ጨለማው ውስጥ ነው። አሁን ክብደቱ የፀሐይ መቶኛ ስምንት ያህል ብቻ ነው፤ ሲያድግ ግን እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ባለቤቴ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየችው። «ፀሐይም እንዲህ ሆና ነው ያደገችው?» አለች። «እንዲህ ሆና ነው እማዬ።» «ማን አየላት!» አለች ባለቤቴ፣ እና ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

በቡና ነገር ላይ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአገሮች አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሲሰጥ የኢትዮጵያው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተብሏል። ባለቤቴ ከሁሉ የወደደችው ይህንን ነው። ቶናና በረካ ለምን እንደቀሩ ግን ቅሬታ አላት።

ወላጅ ነኝና የወላጅ ጥያቄዬንም ጠየቅኩ። ሥራው የት ነው? እንጦጦ ላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቁ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመሠረት መሥራቾቹ በሰው ዘንድ እንደ እብድ ይታዩ እንደነበር ነግራኛለች፤ እኔ በዚያን ጊዜ ብሰማም ያው ከሰው ጋር ነበርኩ። ነገር ግን የእሷ ሥራ ከእንጦጦ የሚታይ አይደለም፤ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ ነው፣ ክረምቱም ደመና ነው። የምትጠቀመው ዌብና ሌሎች ትልልቅ ቴሌስኮፖች የሰበሰቡትን መረጃ ነው። መረጃው የተወሰነ ጊዜ ካለፈው በኋላ ለዓለም ሁሉ በነፃ ይለቀቃል። ሌሊት ኢንተርኔቱ ሲፈጥን ታወርደዋለች፣ ቀን ታነበዋለች። አሜሪካ ያለው ተማሪ የሚያነበውን ያንኑ የእጅ ጽሑፍ የጫግኒ ልጅም ታነባለች። ይህ አኮራኝ። ደመወዙ ግን አሁንም ያሳስበኛል፤ ኮርቻለሁ ብዬ ስጋቴን አልደብቅም። ባንኩ ጥሩ ሥራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከመሄዷ በፊት ወደ ጎረቤታችን ቤት ብቻዬን ሄድኩና «ልጄ ባንክ ቤት አትሠራም፤ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ብድሩን ማን ይነግረኛል?» አሉ። ልጄ ግን ቃሏን አልበላችም፤ ባንክ ውስጥ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዋን ጠይቃ ደውላላቸዋለች።

የልጅ ልጄ ደግሞ ሌላ ሥራ ይዟል። አክስቱ የቴሌቪዥን ሪሞት ቁልፉን ተጭኖ በስልክ የፊት ካሜራ እንዲያየው አሳይታው ነበር። በዓይን ጨለማ የሆነው የሪሞቱ ጫፍ በስልኩ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ኢንፍራሬድ ነው። አሁን የሰፈሩን ሪሞት ሁሉ እየዞረ ይመረምራል። የሪሞት ድንጋይ ሲያልቅ ወደ እኔ ነው የሚመጡት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደወለች። ባለቤቴ ልታነሳው ስትል ቀድሜ አነሳሁት። ውጭ አገር ለዶክትሬት ልታመለክት ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል፣ ጉዳዩም ከጫግኒ ነው የሚጀምረው። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ፣ ለልጁ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ነው፣ ለማን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ለልጄ አልኩት።

«የት ነው የምትሠራው?»

«አዲስ አበባ ከዋክብት ታጠናለች።»

«የአየር ጠባይ ማለት ነው? ዝናብ የሚሉት?»

«አይደለም» አልኩትና ወረፋውን አየሁት። ገና አልተንቀሳቀሰም። «ከሰል ሲከስል አይተህ ታውቃለህ?»